የፖሊሽ ስፖንጅ እጥበትና አያያዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መኪና ፖሊሽ ሲደረግ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ማሽኑና ስለ ፖሊሹ ዓይነት ነው። ቀለሙን የሚነካው ግን ስፖንጁ ነው። ስፖንጁ ከተደፈነ ወይም ከደከመ፣ ውዱም ፖሊሽ ሥራውን አይሠራም።

ስፖንጁ የሚሠራው ፖሊዩረቴን ከሚባል፣ ቀዳዳ ከበዛበት ፎም ነው። ጀርባው ላይ ከማሽኑ ክብ ሳህን ጋር የሚያያዘው ቬልክሮ በማጣበቂያ ተለጥፎበታል። ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ወይም ማጣበቂያው ሲለቅ ስፖንጁ አለቀለት። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ወደዚህ የሚያመሩ ናቸው።

«ስፖንጅ የሚጸዳው ሥራው ሲያልቅ ነው»

በጣም የሚጎዳው አመለካከት ይሄ ይመስለኛል። ፖሊሽ ሲደረግ ከቀለሙ በላይ ካለው ክሊር ከሚባል ግልጽ ሽፋን ላይ እጅግ ስስ የሆነ ንጣፍ ይፋቃል። የተፋቀው ብናኝ ከፖሊሹ ቅባት ጋር ይደባለቅና ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ይህ ሲጠራቀም አዲስ የሚጨመረው ፖሊሽ እኩል አይሰራጭም። ጭረት የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል፣ ቀለሙም ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይቀራል። ያኔ ሠራተኛው ማሽኑን ጫን ማድረግ ይጀምራል። ጫን ሲል ሙቀቱ ይጨምራል፣ ስፖንጁ ደግሞ ይባስ ይጎዳል።

ስለዚህ ጽዳቱ ከሥራው ጋር አብሮ መሄድ አለበት። አንድ በር ወይም ግማሽ ኮፈን ባለቀ ቁጥር ማሽኑን በዝቅተኛ ፍጥነት ያስነሱና ለስላሳ የናይለን ብሩሽ በስፖንጁ ፊት ላይ ቀስ ብለው ያስጠጉ። የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። ኮምፕሬሰር ካለ የበለጠ ጥሩ ነው፤ አየሩ ብናኙን ከውስጥ ያስወጣል፣ እርጥበቱንም ያደርቃል። ሁለቱም ከሌሉ ንጹህ ፎጣ በሚሽከረከረው ስፖንጅ ላይ መያዝም ይረዳል። ብናኙ ወደ ዓይን ስለሚፈናጠር መነጽር ያድርጉ።

ሌላው ነገር፣ ሙሉ መኪና በአንድ ስፖንጅ ለመጨረስ አይሞክሩ። ከየዓይነቱ በርከት አድርጎ ይዞ እያፈራረቁ መሥራት ለቀለሙም ለስፖንጁም ይበጃል።

«ስፖንጅ የሚያልቀው በእድሜ ነው»

ከእድሜ ይልቅ ሙቀት ነው የሚገድለው። ፎም ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ከፍትጊያውና ከማሽኑ እንቅስቃሴ የሚመጣው ሙቀት መሐሉ ላይ ይታፈናል። ቀድሞ የሚለሰልሰውና የሚሰምጠውም መሐሉ ነው። ማጣበቂያው ሲሞቅ ይላላና ፎሙ ከቬልክሮው መላቀቅ ይጀምራል። ትናንሽ ስፖንጆች ቶሎ ስለሚሞቁ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

በሥራ መሐል ማሽኑን አጥፍተው የስፖንጁን መሐል በእጅዎ ይንኩ። ለመንካት የሚያስቸግር ከሆነ በሌላ ይለውጡት። ሥራ ሲያቆሙ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ስፖንጁን ወዲያው ያውጡ። በሞቀው ሳህን ላይ ከቆየ የቬልክሮው መያዣዎች ይጎዳሉ። ማሽኑን ስፖንጁ ላይ አቁሞ መሄድም ፎሙን ቅርጽ ያሳጣዋል።

«ጠንካራ ኬሚካልና የፈላ ውሃ ቶሎ ያጸዳል»

ቶሎ ያበላሻል ቢባል ይሻላል። ቤንዚንና ቲነር ፎሙን ያሳብጣሉ፣ ማጣበቂያውን ያሟሟሉ። በረኪና ፎሙን ያደርቀዋል። የፈላ ውሃ ደግሞ ማጣበቂያውን ያላላል። ለብ ያለ ውሃና ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ለአብዛኛው ፖሊሽ ይበቃል። ሰም በቀላሉ ስለማይለቅ፣ ሰም የተቀባበትን ስፖንጅ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ልብስ ማለስለሻ አይጨምሩ፤ ቀዳዳው ውስጥ ሽፋን ትቶ ይቀራል።

ፖሊሽ ደርቆ ከጠነከረ ማስለቀቁ ከባድ ነው። እጥበቱን ለነገ አለማለት ግማሽ ሥራ ነው። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደርም ማጣበቂያውን ይጎዳል፣ አጭር ጊዜ ይበቃል።

«ጠምዝዞ መጭመቅና ፀሐይ ላይ ማስጣት»

መጠምዘዝ ፎሙን ይቀደዋል። በሁለት መዳፍ መሐል ተጭነው ውሃውን ያውጡ፤ ጠርቶ እስኪወጣ እንዲሁ ይደጋግሙ። የቀረውን ለማራገፍ ስፖንጁን ማሽኑ ላይ አድርጎ ባልዲ ውስጥ በዝቅተኛ ፍጥነት ማሽከርከር ይቻላል።

ከዚያ ፎሙን ወደ ታች፣ ቬልክሮውን ወደ ላይ አድርገው አየር በሚያስተላልፍ የሽቦ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ። ውሃው ከማጣበቂያው ይርቃል። ቦታው ጥላ ይሁን፤ ፀሐይ ፎሙን ያደክመዋል። የፀጉር ማድረቂያና የልብስ ማድረቂያ አይጠቀሙ። ወፍራም ስፖንጅ ውስጡ ለመድረቅ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድበት ይችላል። ሳይደርቅ ላስቲክ ውስጥ ከተዘጋ ሻጋታ ያበቅላል።

«ከታጠበ ለማንኛውም ፖሊሽ ይሆናል»

አይሆንም። ኮምፓውንድ (ጭረት የሚያነሳው ሻካራ ፖሊሽ) የነካው ስፖንጅ የቱንም ያህል ቢታጠብ ሻካራ ቅንጣት ሊቀርበት ይችላል። ያ ቅንጣት በመጨረሻው ማስዋቢያ ላይ ጭረት ይሆናል። ቬልክሮው ዳር በማርከር «ኮምፓውንድ»፣ «ማጨረሻ»፣ «ሰም» ብሎ መጻፍ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። በስፖንጁ ቀለም አይተማመኑ። የአንዱ አምራች ብርቱካናማ ከሌላው ብርቱካናማ ጋር እኩል ጥንካሬ የለውም።

«መሬት ላይ ቢወድቅ አራግፎ መቀጠል ይቻላል»

በጭራሽ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ውስጡ ከቀረች ቀለሙን እየዞረች ትቧጭራለች። በንጹህ ይለውጡት። የወደቀውን በደንብ ካጠቡት በኋላም ለማጨረሻ ሥራ ባይመልሱት ይሻላል።

«እርጥብ ስፖንጅ ቀለም አይጎዳም»

ውሃ ያዘለ ስፖንጅ ፖሊሹን ያቀጥነዋል፣ ፎሙም ስለሚለሰልስ አቅሙ ይቀንሳል፣ ፖሊሹም ይረጫል። ካልደረቀ ይጠብቁት።

«ቀለሙ ካልጠራ አልጸዳም»

ይሄኛው ሰውን በከንቱ ያደክማል። ፖሊሽ ፎሙን ሊያቀልመው ይችላል፤ ያ እድፍ እንዳለ ይቀራል። ማየት ያለብዎት ሌላ ነው። የሚወጣው ውሃ ጠርቷል? አረፋ ቀርቶበታል? ሲደርቅ በጣት ሲዳሰስ የጠነከረ ቦታ አለው? እነዚህ ከተስተካከሉ ስፖንጁ ለሥራ ዝግጁ ነው።

በተቃራኒው፣ ንጹህ መስሎ የሞተም አለ። ተጭነው ሲለቁት ካልተመለሰ፣ ዳሩ ከተቀደደ ወይም ፎሙ ከቬልክሮው መላቀቅ ከጀመረ ማሽን ላይ አይመለስ። በሥራ መሐል ከተፈናጠረ ቀለሙን የሚመታው ጠንካራው ሳህን ነው። እንዲህ ያለውን ስፖንጅ የመኪና ጎማ በእጅ ለመቀባት ይጠቀሙበት፤ ከሌሎቹ ጋር ግን አንድ ላይ አያስቀምጡት።