ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ምንድን ነው? ካርባማዜፒንስ ለምን ይታዘዛል?

ሰሞኑን ስለ ፊት ነርቭ ሕመም በተሠራ ቪዲዮ ሥር አንዲት ሴት የጻፈችውን ጥያቄ አየሁ። ጉንጯን እንደ ኤሌክትሪክ እየነዘረ ቁም ስቅሏን የሚያሳያት ሕመም አለ። ሐኪሟ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ነው ብሎ ካርባማዜፒን አዘዘላት። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ስታነብ «ለሚጥል በሽታ» ይላል። ደነገጠች። አንድ ሰው ወዲያው መለሰላት፦ «እህቴ፣ ተሳስተው ነው የሰጡሽ። ዲክሎፌናክ ተወጊ፤ የነርቭ ቫይታሚን ጨምሪበት። የግድ ከሆነም ሲያምሽ ብቻ ውሰጂው።»

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ይህን ምክር በተለያየ ቃና ስሰማ ከርሜያለሁ። አሁንስ በዛ።

መጀመሪያ ስለ የትኛው ነርቭ እንደምናወራ እንግባባ። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። እሱ ሲታመም አፍ ይጣመማል፣ ዓይን አልከደን ይላል። ሰው «ብርድ መታው» የሚለው ብዙ ጊዜ ይሄኛውን ነው። ሕክምናውም ሌላ ነው። ትራይጀሚናል ግን አምስተኛው ነው። ዋና ሥራው የፊትን ስሜት ወደ አንጎል ማድረስ ነው። ሦስት ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ወደ ግንባርና ዓይን፣ አንዱ ወደ ጉንጭና የላይኛው መንጋጋ፣ አንዱ ወደ ታችኛው መንጋጋ። ሕመሙ በብዛት የሚይዘው የታችኞቹን ሁለቱን ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው መጀመሪያ ጥርስ ሐኪም ጋ የሚሄደው።

ፋርማሲ መስኮት ላይ ሆኜ ሁለቱን የምለይበት አንድ ነገር አለ። ጥርሱን የሚያመው ሰው ጉንጩን ጨምቆ ይዞ ይመጣል። ይሄኛው ግን አይነካውም። ጣቱን ከቆዳው አርቆ «እዚህ ጋ» ይላል። አፉን በደንብ ሳይከፍት ነው የሚያወራው። ነጠላዋን ከንፋስ መከለያ አድርጋ፣ ግን ጉንጯን እንዳይነካት በእጇ ወጠር አድርጋ ይዛ የቆመች ሴት አይቻለሁ። ፊት መታጠብ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ ማኘክ፣ ቀዝቃዛ አየር፣ እነዚህ ሁሉ ይቀሰቅሱታል። ሲመጣ ከሰከንድ በታች ሊሆን ይችላል፤ ቢረዝም ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ ይጠፋል። ከዚያ እንደገና ይመጣል።

ምክንያቱ በብዙዎቹ ላይ የደም ሥር ነው። ነርቩ ከአንጎል ግንድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንድ የደም ሥር ይጫነዋል። ሲጫነው ሽፋኑ ይላጣል። ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ ደግሞ ትንሽ ሲነካ ብዙ ይጮኻል። በአንዳንዶች ላይ ግን ከጀርባው መልቲፕል ስክለሮሲስ (የነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃ በሽታ) ወይም እብጠት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የኤምአርአይ ምርመራ ሲታዘዝ «ገንዘብ ሊበሉኝ ነው» አትበሉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አላርሙ የተበላሸ መኪና ቆሟል እንበል። ድመት ኮፈኑ ላይ ስትወጣ ይጮኻል። ሕፃን በአጠገቡ ሲሮጥ ይጮኻል። ሌባ ግን የለም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሌባ የሚያባርሩ ዘበኞች ናቸው። ቁስል ወይም ብግነት ባለበት ቦታ ጎበዞች ናቸው። ሌባ በሌለበት ግቢ ዘበኛ ብትደረድሩ አላርሙ ምን ገዶት? ጨጓራችሁና ኩላሊታችሁ ግን ደመወዙን ይከፍላሉ። ደህና ጥርስ ማስነቀል ደግሞ በሩ ሲነካ ስለሚጮኽ በሩን ገንጥሎ እንደመጣል ነው። አላርሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሁለት ሦስት ጥርስ አስነቅሎ ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው ብዙ ነው።

ካርባማዜፒን ዘበኛ አይደለም። የአላርሙን ንቃት የሚቀንስ መካኒክ ነው። ነርቭ መልእክት የሚልከው ሶዲየም በሚያልፍባቸው ጥቃቅን በሮች አማካይነት ነው። ካርባማዜፒን ይበልጥ የሚይዘው ቶሎ ቶሎ የሚከፈቱትን በሮች ነው፤ ማለትም አለልክ የሚጮኸውን ነርቭ። ለዚህ ነው መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ሰው ጉንጫችሁን ቢቆነጥጣችሁ የሚሰማችሁ። እውነተኛ ሌባ ከመጣ አላርሙ ይሠራል።

«ሲያምሽ ብቻ ውሰጂው» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። ሕመሙ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። ተራው ካርባማዜፒን ኪኒን ደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ ለመድረስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል። መካኒኩ ሲደርስ አላርሙ ዝም ካለ ቆይቷል። ሰውየው ግን «ዋጥኩት፣ ተሻለኝ» ይላል። የተሻለው ሕመሙ ራሱ ስላለፈ ነው። ዲክሎፌናክ መርፌም ስሟን ያገኘችው በዚሁ መንገድ ነው። መርፌው እስኪዘጋጅ ሕመሙ ሄዷል! መድኃኒቱ በየቀኑ፣ በሰዓቱ የሚወሰደው ቀጣዩ ጩኸት እንዳይመጣ ነው።

ምሳሌው ግን እዚህ ላይ ይብቃው። መኪና ጉበት የለውም፤ ሰው አለው። ካርባማዜፒን ጉበትን የሚያነቃቃ ጠባይ አለው። ጉበት ይነቃና መድኃኒቱን ራሱን በፍጥነት ማስወገድ ይጀምራል። መጀመሪያ ሰሞን የመድኃኒቱ ግማሽ ከሰውነት እስኪወጣ ከ25 እስከ 65 ሰዓት ይፈጃል። ከ3 እስከ 5 ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ከ12 እስከ 17 ሰዓት ብቻ። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ልክ የነበረው መጠን በአምስተኛው ሳምንት ሊያንስ ይችላል። ሕመሙ ብቅ ሲል ሰው «ሰውነቴ ለመደው፣ አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል። አልለመደውም። መጠኑ ይስተካከልለት ነው የሚያስፈልገው። ብዙ ጊዜ በ100 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። አብዛኛው ሰው በቀን ከ400 እስከ 800 ሚሊግራም ባለው ውስጥ ይረጋጋል። በቀን ከ1200 አይታለፍም። በጥድፊያ ከጨመሩት ራስ ያዞራል፣ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ እግር ይንገዳገዳል። «መድኃኒቱ አሰከረኝ» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ በራሳቸው የጨመሩ ናቸው።

«የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው» ለሚለው ወዳጃችን ደግሞ ትንሽ ታሪክ። ስዊድናዊው ሐኪም ብሉም ካርባማዜፒን ለዚህ ሕመም እንደሚሠራ የጻፈው በፈረንጆቹ 1962 ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቱን መጀመሪያ የፈቀደው በ1968 ለትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ነው። ለሚጥል በሽታ የፈቀደው በ1974 ነው። ስድስት ዓመት ዘግይቶ! በዚህ ስሌት ከሄድን ተሳስተው የሰጡት ለሚጥል በሽታ ሕመምተኞች ነው ልንል ነው። ደግሞስ የሚጥል በሽታ መድኃኒት መውሰድ ምን ነውር አለው? ኪኒኑን ከጎረቤት ደብቀው የሚውጡ ሰዎች አሉ። ያሳዝናል።

የነርቭ ቫይታሚን የተባለውም ቢሆን፣ ቢ12 ያነሰበት ሰው ይውሰድ፤ ይጠቅመዋል። የደም ሥር የተጫነውን ነርቭ ግን ቫይታሚን አያነሳለትም።

አሁን ማንም ያልጠየቀኝን ልናገር ነው፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው። የነቃ ጉበት ካርባማዜፒንን ብቻ አይደለም ጠራርጎ የሚያወጣው። የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉቴግራቪርን ያሳንሳል። ሁለቱ አብረው የግድ ከሆኑ ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለቴ 50 ሚሊግራም ይደረጋል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪንን ያደክማል። የወሊድ መከላከያ ኪኒንንና ክንድ ላይ የሚቀበረውንም እንዲሁ። ሕመሙ በብዛት ከ50 ዓመት በላይ ያሉትን ስለሚይዝ ይሄኛው ብዙዎችን አይመለከትም። የሚመለከታት ግን ትጠይቅ። በተቃራኒው ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ካርባማዜፒንን ደም ውስጥ ያከማቹታል። የቲቢው አይሶናያዚድም እንዲሁ። ለድድ ተብሎ የታዘዘ አንቲባዮቲክ አንድን ሰው አልጋ ላይ ሊጥለው ይችላል።

ዕድሜያቸው የገፋ እና ውሃ የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የደማቸው ሶዲየም ሊወርድ ይችላል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ነገር ከተምታታባቸው «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ደም ይመርመሩ። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይ ትኩሳትና የአፍ ቁስል ካለበት፣ ቀጣዩን ኪኒን ሳትውጡ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም። ይህ ቀልድ አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ስለ እስያ ዝርያ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ የምታዩትም ከዚሁ የቆዳ አደጋ ጋር የተያያዘ ነው። እነሱ ላይ አስቀድሞ የሚመረመር የዘር ምልክት አለ።

ጾምም ይነሳ። ሙስሊም ደንበኞች በረመዳን የቀኑን ኪኒን ይዘሉና ሕመሙ ይነሳባቸዋል። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት በኢፍጣርና በሱሁር ሊወሰድ ይችላል፤ ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር ነው። ይህ ዓይነት ኪኒን ግን አይፈጭም፣ አይታኘክም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙም ሰዓታችሁን አስተካክሉ እንጂ አትዝለሉ።

ካርባማዜፒን ካልተስማማ የቅርብ ዘመዱ ኦክስካርባዜፒን አለ። እሱ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የሚጣላው ያንሳል፤ ሶዲየም በማውረድ ግን ይብሳል። ላሞትሪጂን፣ ባክሎፌን፣ ጋባፔንቲን ወይ ይደረባሉ ወይ ይተካሉ። የቦቱሊነም መርፌም ለአንዳንዶች ይሠራል፤ ውጤቱ ግን ከወራት በኋላ ይለቃል። ትራማዶልና ሞርፊን ለዚህ ሕመም ብዙም አይረዱም። ሱሱ ግን ይተርፋል።

ሕመሙ ቀኑን ሙሉ የማያቋርጥ፣ የሚያቃጥል ከሆነ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ የሚቀር የነርቭ ሕመም አለ። ለሱ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ነው የሚቀድመው። የመንጋጋ መገጣጠሚያም ያማል። ካርባማዜፒን በትክክል ተወስዶ ምንም ለውጥ ካላመጣ መድኃኒቱን ከመስደብ በፊት የበሽታው ስም እንደገና ይታይ።

«ያለ ቀዶ ጥገና ከሥሩ እናድናለን» የሚል ማስታወቂያም አያለሁ። መድኃኒት ጩኸቱን ዝም ያሰኛል እንጂ የደም ሥሩን ከነርቩ ላይ አያነሳም። እሱን የሚያነሳው ቀዶ ጥገና ነው። ጋማ ናይፍ የሚባለው ጨረር ቆዳ ባይቀድም ነርቩን ሆነ ብሎ የሚጎዳ ሕክምና ነው፤ ፊት ሊያደነዝዝም ይችላል። መድኃኒቱ አልበቃ ሲል ወይም አልቻል ሲል ወደነዚህ መሄድ ያለ ነው።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ሲያቆም ነው። ሕመሙ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ያወርደዋል። በአንድ ቀን አይቆምም። ከቆመ ከብዙ ሳምንት በኋላ ሕመሙ ቢመለስ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ የተረፈውን አውጥቶ በድሮው መጠን መጀመር የለም። ጉበቱ ተመልሶ ተኝቷል። ያ መጠን አሁን ይበዛበታል። ከ100 ነው እንደገና የሚጀመረው።