ኮንሰርቫንሲ ምንድን ነው? የሳፋሪ ሎጅ ገቢ ለዱር እንስሳት ጥበቃ የሚውልበት ሥርዓት

ኮንሰርቫንሲ በኬንያ፣ በናሚቢያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች እንደሚሠራበት፣ ባለመሬቶች ወይም በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው ነዋሪዎች ይዞታቸውን ለዱር እንስሳት መኖሪያነት አውለው ከዚያ ገቢ የሚያገኙበት አካባቢ ነው። ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ መሬቱ ከነዋሪዎቹ እጅ አይወጣም። ገቢው በአብዛኛው የሚመጣው በዚያው መሬት ላይ ሎጅ ወይም የድንኳን ካምፕ ከፍተው ጎብኚ ከሚያስተናግዱ ድርጅቶች ነው። እነዚህ ሎጆች ብዙ ጊዜ ስለ ራሳቸው ሲያስተዋውቁ የልግስና ቋንቋ ይጠቀማሉ፤ በተግባር ግን ሎጁ ተከራይ ነው፣ ሥርዓቱንም በትክክል የሚረዳው ከኪራይ ውሉ የተነሳ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ለምን እንዳስፈለገ ኬንያ ጥሩ ማሳያ ናት። አገሪቱ አደንን እ.ኤ.አ. በ1977 በሕግ ከለከለች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ ከዚያ ዓመት እስከ 2016 በተደረጉ የአየር ላይ ቆጠራዎች መሠረት በአገሪቱ የግጦሽ ምድር የሚኖሩት የዱር እንስሳት ቁጥር በአማካይ 68 በመቶ ቀንሷል። አብዛኞቹ እንስሳት የሚኖሩት ከፓርክ ክልል ውጭ፣ በአርብቶ አደሩ መሬት ላይ ነው። የሜዳ አህያው የከብቱን ሣር ይሻማል፣ አንበሳው ጥጃውን ይበላል፣ እንስሳቱ ግን የመንግሥት ሀብት ስለሆኑ ባለመሬቱ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አያይም። በዚህ ላይ በደቡብ ምዕራብ ኬንያ በሚገኘው የማሳይ ማራ የዱር እንስሳት ክልል ዙሪያ ያሉት የጋራ ግጦሽ መሬቶች ለየግለሰቡ በካርታ ተከፋፈሉ። እያንዳንዱ ባለካርታ መሬቱን ማጠር፣ መሸጥ ወይም ስንዴ ለሚዘራ ባለሀብት ማከራየት ቻለ፤ የእንስሳቱ መተላለፊያም በዚያው ልክ እየጠበበ ሄደ።

የማራ ኮንሰርቫንሲዎች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ ኪራይ ነው። በ2006 የተመሠረተው ኦላሬ ኦሮክ፣ ከዚያም በ2009 ማራ ኖርዝ እና በ2010 ናቦይሾ ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። አጎራባች ባለመሬቶች ኩታ ገጠም ይዞታቸውን አንድ ላይ አድርገው ለሎጆች ስብስብ ያከራያሉ፤ በናቦይሾ ብቻ እንዲህ የተባበሩት ባለመሬቶች ከ500 በላይ ናቸው። ባለመሬቱ መሬቱን ላለማጠርና ላለመሸጥ፣ በውስጡም ላለመስፈርና ከብቱን እንደፈለገ ላለማሰማራት ይስማማል። ሎጆቹ በበኩላቸው እንደ መሬቱ ስፋት የተሰላ ኪራይ በቀጥታ ለየባለመሬቱ ይከፍላሉ፤ የአልጋቸው ቁጥርና በአንድ እንስሳ ዙሪያ የሚቆሙት መኪኖች ብዛትም ይገደባል።

የሥርዓቱ ብልሃት ያለው በኪራዩ ቋሚነት ላይ ይመስለኛል። ቀደም ሲል ክፍያው በእንግዳ ቁጥር ይሰላና በአካባቢው ሹማምንት በኩል ያልፍ በነበረበት ጊዜ፣ ለተራው አርብቶ አደር የሚደርሰው ገንዘብ ጥቂትና የማይታወቅ ነበር። ዝናብ በሚጠፋበት ወር ሳይቀር በስሙ ገንዘብ የሚገባለት ሰው ግን የልጁን የትምህርት ወጪ ለመሸፈን የግድ ላም አይሸጥም፤ ለስንዴ አከራዩን ሲባልም የሚያወዳድረው ነገር አለው። ለእንስሳቱ ህልውና ወሳኙ ይህ ንጽጽር ነው፤ በግብዣ አዳራሽ የሚሰበሰብ መዋጮ የሚያደርገው ድርሻ ከዚህ ያነሰ ነው።

ጎብኚው ይህን ሁሉ የሚያየው በሂሳብ ደረሰኙ ላይ በሰፈረች የኮንሰርቫንሲ ክፍያ በምትባል አንዲት መስመር ነው፤ ለአንድ ሰው በየአዳሩ ትሰላለች። ከዚህና ከሎጆቹ ሌላ መዋጮ የጥበቃ ሠራተኞች ደመወዝ፣ የመንገድ ጥገናና የቅኝት መኪና ወጪ ይሸፈናል። ጥበቃዎቹ የሚቀጠሩት ከዚያው ከአካባቢው በመሆኑ፣ ወጥመድ የዘረጋው ማን እንደሆነ ከውጭ ከመጣ ዘበኛ ቀድመው ይሰማሉ።

ናሚቢያ የሄደችበት መንገድ የተለየ ነው። እዚያ የጋራ መሬት የመንግሥት ሲሆን፣ በ1996 የወጣው ሕግ በኮንሰርቫንሲ ተደራጅቶ ለተመዘገበ ማኅበረሰብ በዱር እንስሳት የመጠቀም መብት ሰጠ። የመጀመሪያዎቹ በ1998 ተመዘገቡ፤ ዛሬ ከ80 በላይ ሆነው የአገሪቱን ምድር አንድ አምስተኛ ያህል ይሸፍናሉ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ቶራ፣ ዳማራላንድ ካምፕ ከተባለው ሎጅ ጋር በሽርክና ሲሠራ ቆይቷል። ገቢው እንደ ማራ ለየግለሰቡ ሳይሆን ለማኅበረሰቡ ካዝና ይገባል፤ ኬንያ የከለከለችው አደንም በኮታ ተፈቅዶ ከሎጁ ጎን የገቢ ምንጭ ነው። በኬንያም ቢሆን ኪራይ ብቸኛው አማራጭ አይደለም፤ በላይኪፒያ የሚገኘው ኢል ንግዌሲ ከ1996 ጀምሮ ሎጁ ራሱ የማኅበረሰቡ ነው።

ሥርዓቱ ግን በአንድ ገበያ ላይ የቆመ ነው። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በረራ ሲቋረጥ የማራ ሎጆች ባዶ ቀሩ፤ ኪራዩም በብዙ ቦታ በድርድር ተቀነሰ፣ ክፍተቱን በዕርዳታና በብድር ለመሙላት ተሞከረ። ቋሚ ተብሎ የተጻፈ ክፍያ ቋሚ የሚሆነው ከጀርባው መጠባበቂያ ገንዘብ ሲኖር ብቻ መሆኑ ያኔ ታየ። ሌላው ጉድለት የክፍፍል ነው። ኪራይ የሚከፈለው ለባለካርታው ስለሆነ፣ መሬት ሲከፋፈል ስማቸው ያልሰፈረ ሰዎች፣ በተለይም አብዛኞቹ ሴቶች፣ በቀጥታ የሚያገኙት ነገር የለም፤ የግጦሽ ገደቡ ግን እነሱንም ይመለከታል። ከኮንሰርቫንሲው የወጣው ከብትም አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤት መሬት ሄዶ እዚያ ያለውን ሣር ይጨርሳል፣ አልያም በሌሊት ተመልሶ ይገባል።

ለዚህ የመጨረሻው ችግር የተገኘው መፍትሔ ከብቱን በተራ ማስገባት ነው። በበርካታ ኮንሰርቫንሲዎች መንጋው በተወሰነ ክፍል ለተወሰነ ጊዜ ይግጥና ይለቃል፤ ያጠረውን ለጋ ሣር ሚዳቋና የሜዳ አህያ ይከተሉታል። አሠራሩ አንበሳ ከሚያድርበት ሜዳ አጠገብ ላም ማየት የማይወደውን እንግዳ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ መሬቱን ያከራየው ሰው ግን መጀመሪያም አርብቶ አደር ነው፣ ውሉን በየጊዜው የሚያድሰውም እሱ ነው።