በአዳማ የቤት ጃኩዚ፦ የውኃ ጥንካሬን መለካትና ማስተካከል

ለአዳማ ሰው ሙቅ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አዲስ ነገር አይደለም። ሶደሬ ቅርብ ነው። ፍልውኃ ግን እየፈለቀ ይሄዳል፤ ጃኩዚ ውስጥ ያለው የተጠራቀመ ውኃ ነው። ያው ውኃ ሦስትና አራት ወር ይሞቃል፣ ይጣራል፣ ይዞራል። የሟሟበት ማዕድንም አብሮት ይከርማል። ታጥበን ወዲያው የምንለቀው የመታጠቢያ ገንዳ ይህ ጣጣ የለበትም።

የውኃ ጥንካሬ የሚባለው በውኃው ውስጥ የሟሟው የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን ነው። የሚለካው ነጩን ቅርፊት በሚሠራው በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ፣ በሚሊ ግራም በሊትር ሲሆን፣ ከ60 በታች ለስላሳ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። ምልክቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ ሳሙና አረፋ አልወጣ ይላል፣ የሻወሩ ቀዳዳ ይደፈናል።

ለጃኩዚ ብዙውን ጊዜ የሚመከረው የካልሲየም መጠን ከ150 እስከ 250 ነው። ስኳር በሙቅ ውኃ ቶሎ ይሟሟል፤ ቅርፊቱን የሚሠራው ካልሲየም ካርቦኔት ግን ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው። ውኃው ሲሞቅ እየተለየ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለጠፈው ማሞቂያው ላይ ነው። ቅርፊት የለበሰ ማሞቂያ መብራት ይበላል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ካልሲየሙ በጣም ሲያንስ ደግሞ ውኃው ብረቱን መብላት ይጀምራል፣ አረፋም ያበዛል።

አዳማ ላይ ነገሩን የሚያወሳስበው ምንጩ ነው። የከተማው ቧንቧ ውኃ በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ የሚጣራ ነው። ቧንቧው ሲጠፋ ግን ሮቶ የሚሞላው በቦቴ በመጣ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ጉድጓድ ያለው ግቢም አለ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ፍሎራይዱም ከፍ ይላል። ጥርስ የሚያበልዘው ይኼ ፍሎራይድ ነው። «ጥርስ ካበለዘ ጠንካራ ውኃ ነው» የሚባለው ግን ስህተት ነው። ፍሎራይድና ካልሲየም ተያይዘው ስለሚዘቅጡ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ብዙውን ጊዜ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። በጣዕም ወይም በጥርስ መገመት አያዋጣም። እኔ ውኃው ገንዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ሮቶው ላይ እያለ ይለካ ባይ ነኝ።

የመመርመሪያ ወረቀት ፈጣን ነው፤ ለጥንካሬ ግን ጠብታ እየቆጠሩ የሚለኩበት ዕቃ ይሻላል። ሞተሩ ይጠፋና እጅ እስከ ክርን ገብቶ ከታች ውኃ ይቀዳል። ትንሿ ብልቃጥ እስከ ምልክቷ ትሞላለች። መጀመሪያ የሚጨመረው ቀለም ውኃውን ቀይ ያደርገዋል። ከዚያ አንድ ጠብታ፣ ነቅነቅ፤ ሌላ ጠብታ፣ ነቅነቅ። ቀዩ ወይን ጠጅ ይሆንና በአንዲት ጠብታ ጥርት ወዳለ ሰማያዊ ይዞራል። እዚያ ላይ ይቆማል። አንዱ ጠብታ 10 የሚቆጠርበት ዕቃ ከሆነና 8 ጠብታ ከፈጀ፣ ውጤቱ 80 ነው።

80 ያንሳል። ገንዳው 1,200 ሊትር ቢይዝና 150 ማድረስ ቢፈለግ፣ ወደ 125 ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ክሎራይድ ይበቃዋል፤ ይህ ስሌት በብዛት ለሚሸጠው፣ በውስጡ ትንሽ ውኃ ላለበት ዓይነት ነው። ባልዲ ውስጥ ውኃ ይቀደማል፤ ዱቄቱ ይከተላል። ሲሟሟ ስለሚግል በዱቄት ላይ ውኃ መድፋት አደገኛ ነው። ግማሹ ተጨምሮ፣ ሞተሩ ለጥቂት ሰዓት ዞሮ፣ እንደገና ይለካል። አልካሊኒቲን (በዋናነት የባይካርቦኔቱን መጠን) ለመጨመር ቤኪንግ ሶዳ ማስገባት ካስፈለገ በሌላ ሰዓት ይሁን። ሁለቱ አንድ ላይ ከገቡ ውኃው ወተት ይመስላል።

ጥንካሬው ከበዛ መፍትሔው ማቅጠን ነው። ገንዳው 400 ቢሆን፣ ሮቶው ውስጥ ያለው ደግሞ 100፣ ግማሹ ተለቅቆ በዚያ ሲሞላ 250 ላይ ይቆማል።

ጥንካሬው ልክ ሆኖ ቅርፊት የሚሠራ ውኃም አለ። ባይካርቦኔት የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ላይ ይህ ያጋጥማል። ለዚህ ነው ፒኤች (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8፣ አልካሊኒቲ ከ80 እስከ 120 መሆናቸው አብሮ መታየት ያለበት። ካልሲየም ብቻ ለክቶ መጨመር ማሞቂያውን ቅርፊት ያለብሳል።

የአዳማ ነፋስም መረሳት የለበትም። ኮረብታው ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹን የሚያዞረው ነፋስ ክዳን የሌለውን ገንዳ ውኃም ይወስዳል። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ካልሲየሙ ይቀራል። በላዩ በተሞላ ቁጥር ይጨምራል። ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለው የክሎሪን ዱቄትም የራሱን ካልሲየም ያመጣል። በረኪና ይህ የለበትም፤ ፒኤችን ግን ከፍ ያደርጋል።

ውኃው ሲቀየር ጠርዝ ላይ የቀረውን ነጭ መስመር በአቼቶ በነከረ ጨርቅ ማሸት ይቻላል። አቼቶና በረኪና ወይም ክሎሪን ከተገናኙ ግን መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ገንዳው በደንብ ታጥቦ አቼቶው ሙልጭ ብሎ ሳይሄድ ክሎሪን አይነካውም።