«መኪናው በር ድረስ ያደርሰናል» እና ሌሎች የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ስሕተቶች

ጎንደር ውስጥ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚሰበሰብ ማኅበር ሁሉ ስለ ክፍያው፣ ስለ ቪዛውና ስለ ማደሪያው ይጠይቃል። ስለ እግሩ የሚጠይቅ ግን የለም። ነገሩ ሲነሣም መልሱ ያው ነው፦ «መኪናው በር ድረስ ያደርሰናል፤ ደግሞ እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ አቀበት አይከብደንም።» ይህን መስማት ሰልችቶናል። ስንት ዓመት ገንዘብ ያጠራቀሙ እናቶች በሦስተኛው ቀን እግራቸው አብጦ አልጋ ላይ የሚቀሩት በዚህ አባባል ምክንያት ነውና።

አሮጌው ከተማ በቅጥር የታጠረ ነው። አውቶቡሱ ከቅጥሩ ውጭ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ በጠባብ የድንጋይ መንገድ በእግር ነው። ወደ ጎልጎታ የሚያወጣው ደረጃ ቀጥ ያለ ነው። ወደ ዴር ሡልጣን ገዳማችን ለመድረስም በደረጃ ወደ ቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ መውጣት ግድ ነው። ከደብረ ዘይት ወደ ጌቴሴማኒ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ጭው ያለ ቁልቁለት ነው፤ እዚያው ወደ እመቤታችን መቃብር ለመግባት ከ40 በላይ ደረጃ ወርዶ፣ ያንኑ መልሶ መውጣት አለ።

ደገኛ መሆን የሚጠቅመው ለትንፋሽ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ታልፋለች፣ ኢየሩሳሌም ግን 750 ሜትር ገደማ ናት፤ ስለዚህ ማንም ትንፋሽ አያጥረውም። የሚከዳው ጉልበት ነው። ድንጋዩ ለዘመናት በሰው እግር ተፍቆ ልሙጥ ሆኗል፤ ዝናብ ካካፋበት ያንሸራትታል። ቅዳሴ መቆም ለምጃለሁ የሚል ሰውም አይመካ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቋሚያ አለ፤ በሰሙነ ሕማማት በቅዱስ መቃብሩ ፊት ያለው ሰልፍ ግን ለሰዓታት በግፊያ መካከል ያለ መደገፊያ የሚቆሙበት ነው።

ስለዚህ ከጉዞው 8 ሳምንት በፊት ጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎ አንድ አንድ ሰዓት፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት አንድ ሰዓት ተኩል ተራመዱ። የቁስቋም አቀበት ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከመውጣቱ ይልቅ ለመውረዱ ተጠንቀቁ፣ ጉልበት የሚፈተነው እዚያ ነው። ጫማውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ግዙና በዚያው ተለማመዱ። ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ እግር በበረራውም በእግር ጉዞውም ስለሚያብጥ ከወትሮው በግማሽ ቁጥር ከፍ በሉ። አዲስ ጫማ ለክብሩ ብሎ በጉዞው ቀን ማድረግ ተረከዝን ማስላጥ ነው። ኮንጎ ጫማ ቤት ይቅር።

«በቅዱስ ቦታ መድኃኒት አይወሰድም።» ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች ስለ ጾሙና ስለ አክፍሎቱ (ከስቅለት እስከ ትንሣኤ ሳይበሉ ስለ መቆየቱ) ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ከመነሣታቸው በፊት ይነጋገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሸክም አትጭንም። መድኃኒቱ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዝ። በተለይ ኢንሱሊን በጭነት ሻንጣ አይገባም፤ ቅዝቃዜ ያበላሸዋል።

«በስሜ ትኬት ተቆርጧል።» በየትኛው ስም? የማኅበሩ መዝገብ ላይ የክርስትና ስማቸውን ያስመዘገቡ ብዙዎች ናቸው። ትኬቱ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ ስለዚህ ስማችሁን በቃል አትንገሩ፣ የፓስፖርቱን ፎቶ ስጡ። ፓስፖርቱም ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን።

ሰዓቱ ሌላው ጣጣ ነው። ትኬት ላይ «ኤፕሪል 9፣ 00:40» የሚል ካያችሁ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6፡40 ነው፤ ኤርፖርት የምትሄዱትም ኤፕሪል 8 ማታ ነው። ቀኑን ብቻ አይቶ ኤፕሪል 9 ማታ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን አልፎታል። እዚያም አስጎብኚው «7:00 እንነሣለን» ሲል ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው።

«ፋሲካ ፋሲካ ነው።» አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከምዕራባውያኑ ጋር ሚያዝያ 12 ገጠመ፤ በ2018 ዓ.ም. ግን የእነሱ መጋቢት 27፣ የእኛ ሚያዝያ 4 ነው። ትኬት ቆራጩ የትኛውን እንደያዘ ጠይቁ።

«ቪዛ ካለ ሁሉም ቦታ ይታያል።» ለአንድ ጊዜ መግቢያ በተሰጠ ቪዛ ወደ ደብረ ሲና ግብፅ ከተሻገራችሁ መመለሻ የለም። ቤተ ልሔምና ኢያሪኮ በፍልስጤም አስተዳደር ሥር ናቸው፤ በኬላ ስለምታልፉ ፓስፖርቱንና ስትገቡ የሚሰጣችሁን ወረቀት አትለዩ።

ከጎንደር ለሚነሡ ደግሞ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ፤ የአደራ ዕቃ። እስራኤል ውስጥ ከዚህ አካባቢ የሄዱ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ስላሉ ዘመድና ጎረቤት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ ቋጥሮ ያመጣል። «ዘመድ አይቀየም» ተብሎ እንደታሰረ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የጸጥታ ሠራተኞች ግን እያንዳንዱን መንገደኛ ለብቻው ይጠይቃሉ፦ ሻንጣህን ማን አሰናዳው? ሰው የሰጠህ ዕቃ አለ? አስተባባሪው ስለ እናንተ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ የምትቀበሉት ካለ በፊታችሁ ተፈትቶ፣ በእጃችሁ ታይቶ፣ በራሳችሁ ይታሸግ፤ ስትጠየቁም እውነቱን ተናገሩ። ቅቤና ቋንጣ ግን አትቀበሉ፤ የእንስሳት ውጤት ኬላ ላይ ይወሰዳል። የማደሪያችሁንም ስም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።

በመጨረሻ የዮርዳኖስ ውኃ። ብዙዎች እንደ ጠበል ይጠጣ ይመስላቸዋል። ወንዙ ደፍርሷል፤ ከላይ የእርሻና የፍሳሽ ውኃ ይገባበታል። ተጠመቁበት፣ ተረጩበት፣ ግን አትጠጡት፤ ሕፃናትንም አታጠጡ። ስትገቡ መደገፊያውን ያዙ፣ ሥሩ የሚያንሸራትት ጭቃ ነው፤ የተዘረጋውንም ገመድ አትለፉ፣ ማዶው ዮርዳኖስ አገር ነው። ደረቅ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ይኑራችሁ። ለቤት የምታመጡትን በፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ አፉ ሳትሞሉ ክዳኑን በፕላስተር አሽጉ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ በጭነት ሻንጣ አድርጉት። በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ጠርሙስ ፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል።