የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብና የሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ውጤት

የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ በአንድ አገር የሚከናወነውን የዳሌ፣ የጉልበትና የሌሎች መገጣጠሚያዎች ቅየራ አንድ በአንድ መዝግቦ፣ የተተከለው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ስንት ዓመት እንዳገለገለ የሚከታተል ሥርዓት ነው። ቀዳሚዋ ስዊድን የጉልበቱን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የዳሌውን በ1979 የጀመረች ሲሆን፣ ኖርዌይ በ1987፣ አውስትራሊያ በ1999፣ እንግሊዝና ዌልስ ደግሞ በ2003 ተከትለዋታል።

ሥራው የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ማሸጊያ ላይ የሚገኘው ተለጣፊ የአምራቹን ስም፣ የመለያ ቁጥሩንና የምርት ምድቡን ይይዛል፤ ይህም ከታካሚው ዕድሜ፣ ፆታና የጤና ሁኔታ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምናው ዘዴ ጋር ይመዘገባል። ታካሚው ከዓመታት በኋላ መገጣጠሚያው ላልቶበት ወይም ወልቆበት በሌላ ሆስፒታል ዳግም ቢቀየርለት፣ መዝገቡ ሁለቱን ቀዶ ሕክምናዎች ያገናኛል። የመዝገቡ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ታካሚው ተመልሶ ያልመጣበት ሐኪም ሥራው የተሳካ ሊመስለው ይችላልና።

ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በተተከሉት ዕቃዎች ላይ ነው። ኤኤስአር የተባለው፣ ብረት በብረት ላይ የሚንቀሳቀስበት ሰው ሠራሽ ዳሌ ከሌሎቹ ይበልጥ ዳግም ቅየራ እንደሚያስከትል የአውስትራሊያ መዝገብ ካሳየ በኋላ፣ ዕቃው በ2009 መጨረሻ ከዚያ አገር ገበያ፣ በ2010 ደግሞ ከዓለም ገበያ ተነሥቷል።

ሆስፒታሎችን እርስ በርስ ማነጻጸር ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከ30 ታካሚዎች የሁለቱ መገጣጠሚያ ዳግም የተቀየረበት ትንሽ ሆስፒታል በአጋጣሚ ብቻ ደካማ ሊመስል ስለሚችል፣ መዝገቦች የታካሚዎቹን ዕድሜና የጤና ሁኔታ አገናዝበው፣ የቁጥሩ ማነስ የሚያመጣውንም መዋዠቅ አስልተው፣ ከሚጠበቀው ወሰን የወጣውን ለይተው ያሳውቃሉ። ይህ ማሳወቂያ ፍርድ ሳይሆን የምርመራ መነሻ ሊሆን ይገባል። ሆስፒታሉ የዳግም ቅየራዎቹን ምክንያት አንድ በአንድ ይመረምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት መውለቅ ከበዛ የዕቃውን አቀማመጥና የሰው ሠራሹን ዳሌ ክብ ጫፍ መጠን፣ ኢንፌክሽን ከበዛ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አሰጣጡንና የቀዶ ሕክምና ክፍሉን አሠራር ይፈትሻል። ደረጃ ብቻ አውጥቶ መለጠፍ፣ ከዚህ ምርመራ ጋር ካልተያያዘ፣ አስቸጋሪ ታካሚዎችን ላለመቀበል ሊገፋፋ ይችላል።

ሌላው ችግር ዳግም ቅየራ ብቻውን የውጤት መለኪያ መሆን አለመቻሉ ነው። ሕመሙ ያልለቀቀው፣ ነገር ግን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያልፈለገ ታካሚ በዚህ አቆጣጠር እንደተሳካ ይቆጠራል። እንግሊዝ ከ2009 ጀምሮ ታካሚዎችን ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከስድስት ወር በኋላ ስለ ሕመማቸውና ስለ እንቅስቃሴያቸው መጠየቅ የጀመረችው ይህንን ክፍተት ለመሙላት ይረዳል። ከሁሉም በላይ ግን ያልተመዘገበ ዳግም ቅየራ ሆስፒታሉን ያለ አግባብ የተሻለ ስለሚያስመስለው፣ የመዝገቡ መረጃ ከሆስፒታሉ የታካሚ መዛግብት ጋር በየጊዜው መመሳከር አለበት።