በኮምቦልቻ ዙሪያ ላሉ ትናንሽ ቀበሌዎች ምን ዓይነት ፍሳሽ ማጣሪያ ይሆናል?

የቦርከና ወንዝ ከደሴ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ወንዙ ከዚያ በሐርቡና በከሚሴ በኩል አድርጎ የጨፋን ረግረጋማ ሜዳ ያጠጣል፣ መጨረሻው አዋሽ ነው። እና ላይ ያለው የደፋው እጣቢ፣ ታች ያለው ገበሬ ሽንኩርትና ቃሪያ በሚያጠጣበት ውሃ ውስጥ ይመጣል ማለት ነው።

በገጠሩ በብዛት ያለው የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቤት ቆፍሯል። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት መንደር ይሄ ይበቃል፤ ብቻ ጉድጓዱ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ችግሩ የሚጀምረው ቤት ከቤት ሲጠጋጋ፣ ቧንቧ ሲገባ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲሠራ፣ ሻይ ቤቱም ሲበዛ ነው። ውሃ በጀሪካን ሲቀዳ እጣቢው ትንሽ ነበር። በቧንቧ ሲመጣ ግን ቦዩ ቀኑን ሙሉ ይፈሳል።

ማጣሪያ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሞተርና ፓምፕ ያለው ትልቅ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል፣ ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ መለዋወጫ የለም። ለትንሽ ቀበሌ የሚሻለው ተከታታይ ኩሬ ነው። መሬቱ ቁልቁለት ከሆነ ውሃው ራሱ ይወርዳል፣ መብራት አይፈልግም።

የመጀመሪያው ኩሬ ጥልቅ ነው፣ ከ2 እስከ 5 ሜትር። ወፍራሙ ቆሻሻ እዚያ ይዘቅጣል፣ አየር በማይፈልጉ ባክቴሪያዎችም ይብላላል። ላዩ ላይ ቅርፊት ቢይዝ አትደንግጡ፣ ጤነኛ ምልክት ነው። ሁለተኛው ከ1 እስከ 2 ሜትር ይሆናል፣ መልኩም አረንጓዴ ነው። ያ አረንጓዴ አልጌ ነው፤ በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፣ ባክቴሪያው ደግሞ በዚያ ኦክስጅን የቀረውን ቆሻሻ ይበላል። ኩሬው ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሮዝ ካደላ ከአቅሙ በላይ እየገባበት ነው ማለት ነው፣ ይሄን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ጥበቃውም ያየዋል። የመጨረሻው 1 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ጀርሙን የምትገድለው ፀሐይ ናት። የወስፋት እንቁላል ግን ከባድ ስለሆነ በየኩሬው ታች ይቀራል። በጥሬው ለሚበላ አትክልት የሚውል ውሃ በ1 ሊትር ከ1 እንቁላል በላይ እንዳይኖረው የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መመሪያ አለ፣ በደንብ የተሠራ ኩሬም እዚያ ይደርሳል።

ሁሉም በሙቀት ይፈጥናል። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ፍሳሽ የደሴ ብርድ ከኮምቦልቻ ሰፋ ያለ ኩሬ ይጠይቃል። ቦታ ከጠበበ ሴፕቲክ ታንክ (ወፍራሙ ቆሻሻ የሚዘቅጥበት ዝግ ማጠራቀሚያ) ሠርቶ ከሱ የሚወጣውን ውሃ ፊላ ወይም ሸምበቆ በተተከለበት የጠጠር አልጋ ማሳለፍም ይቻላል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ይሄ ሁሉ የሰው ፍሳሽ የሚችል ነው፣ የፋብሪካ አይደለም። ቆዳ የሚለፋበትን ክሮም የሚባል ኬሚካል ባክቴሪያ አይበላውም፤ ወይ ዝቃጩ ውስጥ ይቀመጣል ወይ ወደ ወንዙ ያልፋል። ኮምቦልቻን በመሰለ የፋብሪካ ከተማ ይሄ መቀላቀል የለበትም፣ ፋብሪካው በግቢው አጣርቶ ይልቀቅ።

በየቦታው ማጣሪያ የሚገድለው ግን ዝቃጭ ነው። የመጀመሪያው ኩሬ ሲሶው በዝቃጭ ከሞላ መጠረግ አለበት፣ ይሄ ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚመጣ ሁሉም ይረሳዋል፣ የሠራው አካል ሄዷል፣ ኮሚቴው ተቀይሯል፣ ለመምጠጫ መኪና የሚከፍል የለም። ሲሞላ ደግሞ ቆሻሻው እንዳለ ያልፋል። የወጣው ዝቃጭ ደርቆም ቢሆን ወዲያው ማሳ ላይ መበተን የለበትም፤ የወስፋት እንቁላል ከዓመት በላይ መቆየት ይችላል። የማስጠረጊያው ገንዘብ ከውሃ ክፍያው ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ፣ ኩሬው ሳይቆፈር በፊት በቀበሌው ቃለ ጉባኤ ይያዝ።