በሁለተኛ ቋንቋ ትምህርት የተማሪዎች ተነሳሽነት

የሁለተኛ ቋንቋ ተነሳሽነት ሲባል ተማሪው ከአፍ መፍቻው ሌላ የሆነ ቋንቋ ለማወቅ ያለው ፍላጎት፣ ለዚህም የሚያደርገው ጥረትና ሳይታክት የመዝለቅ ጽናቱ ነው። ለዘርፉ ጥናት መሠረት ከጣሉት መካከል ሮበርት ጋርድነርና ዋላስ ላምበርት ይገኙበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጡት ጥናት በካናዳዋ ሞንትሪያል ፈረንሳይኛ የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎችን መርምረው፣ ውጤታቸው ከተፈጥሮ ችሎታ ባሻገር ከተነሳሽነታቸው ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ከቋንቋው ባለቤቶች ጋር ለመቀራረብ የሚማረውን ለጥቅም ከሚማረው የለየውም የእነሱ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ እንግሊዝኛን የሚማር ተማሪ ሁኔታ ከዚህ ይለያል፤ የሞንትሪያሉ ተማሪ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጎረቤት ሲኖረው፣ የእኛው ተማሪ ግን ከክፍል ሲወጣ በእንግሊዝኛ የሚያነጋግረው ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲያዝ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበትን ሂደት በአማርኛ «ብርሃን አስተጻምሮ» ብሎ ተምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ በእንግሊዝኛ በተጻፈው የባዮሎጂ መጽሐፉ «ፎቶሲንተሲስ» ተብሎ የሚያገኘው ልጅ፣ ሐሳቡን እያወቀው በቃሉ ይደናቀፋል፤ ደጋግሞ ሲደናቀፍም ትርጉሙን ትቶ ማስታወሻውን በቃሉ ወደ መሸምደድ ያዘነብላል።

ስለዚህ «ተማሪው ፍላጎት የለውም» የሚለው የተለመደ ወቀሳ ተገቢ አይመስልም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ጥቅሙን የማያውቅ ተማሪ አይገኝም፤ የሚጎድለው ቋንቋውን ያለ ፍርሃት የሚለማመድበት ቦታ ነው። እጁን አውጥቶ ሊመልስ የተነሣ ልጅ በአንድ የአነጋገር ስህተት ክፍሉ በሙሉ ከሳቀበት፣ አቀላጥፎ ሲናገር ደግሞ «ጉረኛ» ከተባለ፣ በሚቀጥለው ቀን ዝም ይላል፤ ይህ ዝምታ በስንፍና መተርጎሙ ያሳዝናል። በአንጻሩ በላሊበላ ከጎብኚዎች ጋር እየዋሉ እንግሊዝኛ የለመዱ ልጆች አሉ፤ ስህተታቸውን የሚያርመው የአድማጩ ፊት እንጂ የፈተና ነጥብ አይደለም።

ይህን የተረዱ መምህራን ተማሪዎች መልሱን መጀመሪያ ጥንድ ጥንድ ሆነው በለሆሳስ እንዲነጋገሩበት፣ ሲቸግራቸውም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲረዳዱ ይፈቅዳሉ፤ ለክፍሉ እንዲናገሩ የሚጋብዟቸው ከዚያ በኋላ ነው።